ስሕተት ከባለጉዳዩ በፊት በባለሙያው ይታይ
የድረ ገጽ መተግበሪያ ገጾችን በግንባታ ጊዜ ስለ መመርመር የቀረበ ንግግር



የሰው ልጅ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ስሕተት የማያጣው መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንዱን ባለሙያ ከሌላው የሚለየው መሳሳቱ ወይም አለመሳሳቱ ሳይሆን፣ የተሠራው ስሕተት መቼና በማን እጅ እንደሚገኝ ነው። ልብስ ሰፊ የተዛነፈውን ስፌት ልብሱ ገና በመኪናው ላይ ሳለ ቢያየው ክሩን መዝዞ ወዲያው ያቀናዋል። ደንበኛው ለብሶት ሠርግ ቤት ከገባ በኋላ ቢታይ ግን፣ ስፌቱን ማቃናት ቢቻልም ሐፍረቱን ማቃናት አይቻልም። በማተሚያ ቤትም አራሚው በማረሚያው ወረቀት ላይ ያገኘው የፊደል ግድፈት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ መጽሐፉ ታትሞ ከተሠራጨ በኋላ የተገኘው ግን የእርማት ሠንጠረዥ አሳትሞ በየቅጂው መለጠፍን ይጠይቃል።

የዚህ ንግግር ጉዳይ በመጀመሪያ ሲያዩት እጅግ ትንሽ ይመስላል። ይኸውም የድረ ገጽ መተግበሪያ ገጾች ለአገልግሎት ከመዋላቸው በፊት፣ ገና በግንባታ ላይ ሳሉ፣ በኮምፓይለር መመርመር አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚል ነው። ጥያቄው የመሣሪያ አመራረጥ ጥያቄ መስሎ ቢታይም፣ በውስጡ ግን የኃላፊነት ጥያቄ አለበት።

፩. ገጽ ከምርመራ የሚያመልጥበት ምክንያት

ፕሮግራመር የሚጽፈውን ጽሑፍ ኮምፒዩተር ወደሚረዳው ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር መሆኑ ለዚህ ጉባኤ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት ኮምፓይለሮች አንዱን ከሠራች ወዲህ፣ ይህ መሣሪያ በሂደት ሁለት ተግባሮችን ይዟል። አንደኛው መተርጐም ነው። ሁለተኛው መመርመር ነው። ያልተሰየመ ነገር በስሙ ቢጠራ፣ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ቃል ቢገባ፣ የተከፈተ ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር ኮምፓይለሩ ሥራውን አቁሞ የመሥመሩን ቁጥር ጠቅሶ ያስታውቃል። ፕሮግራመሩ በዚህ ጊዜ ቢበሳጭም፣ ስሕተቱን ያየው እርሱ ብቻ ነውና ምንም የጠፋ ነገር የለም።

የድረ ገጽ መተግበሪያ ገጽ ግን የተቀላቀለ ጽሑፍ ነው። ከፊሉ በመስኮት ላይ የሚታየውን ሠንጠረዥ፣ ቅጽና አርእስት የሚገልጽ ምልክት ሲሆን፣ ከፊሉ በመካከሉ የተሰገሰገ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ጃቫ ሰርቨር ፔጅስና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤ.ኤስ.ፒ. ዶት ኔት ይህን የተቀላቀለ ጽሑፍ የሚያስተናግዱት በተመሳሳይ ዘዴ ነበር። ይኸውም ገጹ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ሰርቨሩ ይገለበጣል፤ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቀው በዚያው ሰዓት ተተርጕሞ ይሠራል። ዘዴው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። መተግበሪያውን በሙሉ እንደገና ሳይገነቡ አንዱን ገጽ ብቻ ለማቃናት ያስችላል።

ምቾቱ ግን ዋጋ አለው። ፕሮግራመሩ የግንባታውን ትእዛዝ ሲሰጥ ኮምፓይለሩ የሚያየው የፕሮግራም ፋይሎቹን ብቻ ነው፤ ገጾቹን ሳይከፍት ያልፋቸዋል። በመጨረሻም «ግንባታው ተሳክቷል» የሚል መልእክት ያሳያል። መልእክቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ስላልተመረመረው ክፍል አንዳች አይናገርም።

ለምሳሌ አንድ ፕሮግራመር በመዝገቡ ውስጥ «ስልክ» ተብሎ የተሰየመውን ቦታ «የስልክ ቁጥር» ብሎ ቢለውጠው፣ በፕሮግራም ፋይሎቹ ውስጥ አሮጌው ስም የቀረበት ስፍራ ሁሉ ወዲያው ይታወቃል። በገጾቹ ውስጥ የቀረው ግን አይታወቅም። ዐሥር ገጾች ስሙን የሚጠቅሱ ቢሆን፣ ዘጠኙ በየቀኑ የሚከፈቱ በመሆናቸው ፕሮግራመሩ ራሱ ሲሞክራቸው ያገኛቸዋል። ዐሥረኛው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚከፈት፣ ለምሳሌ የተሳሳተ ምዝገባ የሚታረምበት ገጽ ሊሆን ይችላል። እርሱ ሳይታረም ከቤት ይወጣል።

፪. «ሲስተም የለም»

ዐሥረኛው ገጽ የት እንደሚገኝ ለመረዳት ከፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ አገልግሎት መስኮት መሄድ ያስፈልጋል። የካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛና ከኮተቤ ተነሥቶ እስከ እንጦጦ ጋራ ግርጌ የሚዘልቅ ሲሆን፣ በዳገቱ በኩል ፈረንሳይ ለጋሲዮንን የመሰሉ ሰፈሮች ይገኛሉ። ከጋራው ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ የሚተዳደሩ እናቶች ለከተማው ነዋሪ እንግዳ አይደሉም።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ የልጅዋን የልደት ምስክር ወረቀት ለማሳረም ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረደች እንበል። ይህ ለምሳሌ የቀረበ እንጂ የአንድን መሥሪያ ቤት ጉዳይ የሚመለከት አይደለም። ተራዋን ጠብቃ ከመስኮቱ ስትደርስ ጸሐፊዋ ስሟን ታገኛለች፤ መዝገቡም ይከፈታል። የእርማቱን ገጽ ስትጫን ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም የስሕተት መልእክት ይወጣል። ጸሐፊዋ መልእክቱን ልታነበው አትችልም፤ ብታነበውም ልታቃናው አትችልም። ስለዚህ «እናቴ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» ትላለች። ነገም ቢመለሱ ገጹ አይከፈትም። በዚህ መካከል ሁለት የሥራ ቀን ጠፍቷል፤ ለእንዲህ ያለች እናት ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ማለት የአንድ ቀን ምግብ ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው አነጋገር ይህ ማኅበር ሊያስብበት የሚገባ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይባላል፤ የኢንተርኔት መሥመር ሲቋረጥ ይባላል፤ ፕሮግራመሩ አንድ ስም ለውጦ አንድ ገጽ ሳያስተካክል ሲቀርም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከፕሮግራመሩ ሥልጣን ውጭ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ግን የእርሱ ነው። በአንድ ስም ስለሚጠሩ ባለጉዳዩ ሊለያቸው አይችልም፤ ጸሐፊዋም አትለያቸውም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሠሪው ራሱ የእርሱ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ መቅረቱ ነው። በግንባታ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ መብራት አያመጣም፤ መሥመርም አይዘረጋም። ሦስተኛውን ዐይነት «ሲስተም የለም» ግን በእጅጉ ሊቀንሰው ይችላል።

፫. ምርመራው የሚከናወንበት መንገድ

መሣሪያው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል ማለት አይቻልም፤ ያለው ግን ሳይነካ ቆይቷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የኤ.ኤስ.ፒ. ዶት ኔት ሁለተኛ እትም ገጾችን አስቀድሞ የሚተረጕም መሣሪያ ጨምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤም.ቪ.ሲ. የተባለው አሠራር ሲወጣ ደግሞ በእያንዳንዱ የፕሮጀክት ፋይል ውስጥ «ኤምቪሲ ቢልድ ቪውስ» የምትባል አንዲት መሥመር ተጽፋ ትመጣ ነበር። ከአጠገቧ የሰፈረው ቃል «ሐሰት» የሚል ነበር። ፕሮግራመሩ ይህችን ቃል ወደ «እውነት» ቢለውጣት፣ ግንባታው ሲፈጸም ገጾቹ ሁሉ ተራ በተራ በኮምፓይለሩ ፊት ይቀርባሉ። ከላይ የተጠቀሰው ዐሥረኛ ገጽም ከነመሥመር ቁጥሩ ይገኛል።

አንዲት ቃል ለመለወጥ ይህን ያህል ቸል የተባለበት ምክንያት ምንድን ነው? ዋናው ጊዜ ነው። ገጾቹ ብዙ ሲሆኑ ግንባታው ይዘገያል፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚገነባ ፕሮግራመር መጠበቁ ይሰለቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከቀድሞ ግንባታ በጊዜያዊው ማኅደር ውስጥ የሚቀሩ ቅሪቶች ናቸው። መርማሪው እነዚህን እንደ ገጾች ቈጥሮ ስለሚያነባቸው፣ ስለ መተግበሪያው ማዋቀሪያ ፋይል የሚናገር፣ ከእውነተኛው ጉዳይ ጋር ግንኙነት የሌለው የስሕተት መልእክት ያወጣል። ማኅደሩ ሲጸዳ መልእክቱም ይጠፋል። ምክንያቱን ያልተረዳ ፕሮግራመር ግን ማኅደሩን በማጽዳት ፈንታ «እውነት» የሚለውን ቃል ወደ «ሐሰት» ይመልሰዋል።

ለጊዜው ችግር የተፈተነ መፍትሔ አለው። ምርመራው በእያንዳንዱ ፕሮግራመር ኮምፒዩተር ላይ በየግንባታው መደረግ የለበትም። የሁሉም ሥራ ተሰብስቦ በሚገነባበት በጋራው ኮምፒዩተር ላይ፣ ለአገልግሎት ከመላኩ በፊት ቢደረግ ይበቃል። እዚያ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ የጥቂት ደቂቃ መዘግየት ማንንም አይጐዳም።

ኋላም አሠራሩ ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የኤ.ኤስ.ፒ. ዶት ኔት ኮር 2.1 ጀምሮ ሬዘር በተባለው አጻጻፍ የሚዘጋጁ ገጾች ሳይታዘዙ በግንባታ ጊዜ የሚተረጐሙ ሆነዋል። ይህም አሮጌው ክርክር በየትኛው ወገን አሸናፊነት እንደ ተፈጸመ ያመለክታል። ይሁን እንጂ በቀድሞው አሠራር የተሠሩ መተግበሪያዎች በአንድ ቀን አይተኩም። በፒ.ኤች.ፒ. የሚሠሩትም ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ የዚያ ቋንቋ የራሱ መመርመሪያ የአጻጻፍ ግድፈትን ያገኛል እንጂ፣ የሌለ ተግባር በስሙ ቢጠራ ገጹ እስኪሠራ ድረስ አያውቀውም። ስለዚህ ተጨማሪ መመርመሪያ ያስፈልገዋል።

፬. ሰዋስውና ምሥጢር

ይህ አሳብ ለዚህ አገር ባህል ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በቀጥታ ወደ ማኅሌት አይወስደውም። አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ ያልመታውን፣ መጠኑ የጐደለውን፣ ሰዋስው የፈረሰበትን እዚያው ያርመዋል። በጓደኞቹ ፊት መታረም ተማሪውን ሊያሳፍረው ይችል ይሆናል፤ በምእመናን ፊት ከመሳት ግን ይሻላል። በጉባኤው ያልታረመ ቅኔ ለማኅሌት አይበቃም የሚለው ሥርዐትና በግንባታ ያልተመረመረ ገጽ ለሕዝብ አይቀርብም የሚለው ደንብ በመሠረቱ አንድ ናቸው።

ምሳሌው ሌላም ቁም ነገር ያስተምራል። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ቤቱም የመታ ቅኔ ምሥጢር አልባ ሊሆን ይችላል። ኮምፓይለር ሰዋስውን የሚያውቅ፣ ምሥጢርን ግን የማያውቅ መምህር ነው። በእርሱ ፊት ያለፈ ገጽ የሚሠራ ገጽ ነው እንጂ እውነት የሚናገር ገጽ ነው ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት የዘነጋ ባለሙያ ምርመራውን ካልጀመረው ባለሙያ ባልተናነሰ ሁኔታ ይሳሳታል።

ከገጹ አጻጻፍ የሚመጣ ክፍተትም አለ። በሬዘር ገጽ መረጃን «ቪውባግ» በተባለው ልቅ ከረጢት በኩል ማስተላለፍ ይቻላል። ከረጢቱ ማንኛውንም ስም ስለሚቀበል፣ ስሙ በስሕተት ቢጻፍ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ በገጹም ላይ ባዶ ቦታ ይታያል። መረጃው ዐይነቱ በግልጥ በታወጀ ሞዴል በኩል ሲተላለፍ ግን ያው ስሕተት በግንባታ ጊዜ ይያዛል። ስለዚህ የምርመራው ጥቅም የሚወሰነው መርማሪው በመኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ፕሮግራመሩ ለመርማሪው በሚሰጠው የማየት ዕድልም ነው።

፭. ከእንጦጦ ላይ ሲታይ

ይህ ዕድል ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚታወቀው ስሕተትን መልሶ ማቃናት በማይቻልበት ሥራ ነው። ለዚህም ምሳሌው ቅርብ ነው። ከባሕር ጠለል 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የእንጦጦ ጋራ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የሕዋ ምርምር ማዕከል ይገኛል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ የላከቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1፣ የምድር መቆጣጠሪያዋ በዚሁ ጋራ ላይ ነበር። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል፣ የምሕዋሯ ከፍታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ወደ ሠሪው ጠረጴዛ አይመለስም። ከሬዲዮ ትእዛዝ በቀር ምንም እጅ አይደርስበትም።

በዚህ ዐይነት ሥራ የደረሱ ሁለት ጥፋቶች ለድረ ገጽ ሠሪም ትምህርት ይሆናሉ። የአውሮፓው አሪያን 5 ሮኬት ሰኔ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተኰስ ከተነሣ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ተሰባብሮ ወደቀ። ምክንያቱም ከአሪያን 4 የተወሰደ የፕሮግራም ክፍል በ64 ቢት የተያዘን ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲለውጥ ቁጥሩ ከቦታው በመብለጡ ነበር። ፕሮግራሙ የተጻፈው በጥብቅ ምርመራው በሚታወቀው በኤዳ ቋንቋ ሲሆን በኮምፓይለሩ በኩል በሰላም ያለፈ ነበር። ሁለተኛው በመስከረም ወር 1999 እ.ኤ.አ. በማርስ አጠገብ የጠፋው የአሜሪካ መንኰራኵር ነው። አንደኛው ወገን የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ መለኪያ ሲልክ፣ ሌላው በሜትሪክ መለኪያ ተቀበለው። ለኮምፒዩተሩ ሁለቱም ቁጥሮች ብቻ ነበሩ።

ከሁለቱ ጥፋቶች የሚገኘው ትምህርት ኮምፓይለር አይጠቅምም የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ ለኮምፓይለሩ ያልተነገረውን ልዩነት ኮምፓይለሩ ሊጠብቀው አይችልም የሚል ነው። በእንግሊዝ መለኪያ የተለካው ቁጥርና በሜትሪክ የተለካው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ዐይነቶች ሆነው ታውጀው ቢሆን፣ የመደባለቃቸው ነገር በግንባታ ጊዜ ሊያዝ ይችል ነበር።

፮. የዘመን አቈጣጠርና የፊደል ጉዳይ

ይህ የመለኪያ መደባለቅ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች በየቀኑ ያለ አደጋ ነው፤ ስሙም የዘመን አቈጣጠር ነው። በቅጽ ላይ «የትውልድ ዘመን 1990» ተብሎ ሲሞላ፣ ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይሁን በአውሮፓ ኮምፓይለሩ አያውቅም። በኢትዮጵያ 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዘመኑ እንደ አውሮፓ ከተነበበ በአንዲት ሌሊት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ይህ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለሥራ ቅጥርና ለጡረታ ቀላል ነገር አይደለም።

ጳጉሜንም እንዲሁ ናት። የማይክሮሶፍት ዶት ኔት የዕብራውያንን፣ የፋርስንና የታይላንድን ጨምሮ ብዙ የዘመን አቈጣጠሮችን ሲይዝ የኢትዮጵያን አልያዘም። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ በተለመደው የቀን ዐይነት 13ኛ ወር ብሎ የሚመዘግብ ገጽ ግንባታውን በሰላም ያልፍና በሥራ ላይ ይወድቃል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በመሆኑ ስሕተቱ ተደብቆ የሚቈይበት ጊዜም ረጅም ነው፤ ቀጣይዋ በ2019 ዓ.ም. ትውላለች። የኢትዮጵያን አቈጣጠር የሚያውቁ የፕሮግራም ስብስቦች ግን አሉ፤ አይ.ሲ.ዩ. የተባለውና ለጃቫ የተዘጋጀው ጆዳ ታይም ከእነርሱ መካከል ናቸው። የኢትዮጵያ ቀን ራሱን የቻለ ዐይነት ሆኖ ከታወጀ፣ ሁለቱን አቈጣጠሮች ያለ መለወጫ ያገናኘ መሥመር ሁሉ በግንባታ ጊዜ ይያዛል። የጳጉሜን ስድስቱ ግን በሙከራ መረጋገጥ አለበት።

የፊደሉም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገብቷል። ሰውየው «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» ወይም «ሀይሉ» ተብሎ ቢጻፍ ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ይህ በፕሮግራም ስም ውስጥ ቢደርስ ኮምፓይለሩ ወዲያው ይከሳል። የገጽ ጽሑፍ በሚጠራበት ቁልፍ ውስጥ ቢደርስ ግን ዝም ይላል፤ በትርጕሙ ፈንታ ቁልፉ ራሱ በገጹ ላይ ታትሞ ይታያል። ቁልፎቹ በተራ ቃልነት መጠራታቸው ቀርቶ እንደ ፕሮግራም ስሞች እንዲታወቁ ቢደረግ ይህም በመርማሪው ዐይን ሥር ይገባል። በሌላ በኩል በአማርኛ የፊደል ገበታ ሳለ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ከላቲኑ ነጥብ ሰረዝ ፈንታ ድርብ ሰረዝን (፤) ሊያስገባ ይችላል። ለዐይን ይመሳሰላሉ፤ ኮምፓይለሩ ግን አይቀበለውም። ገጹ ሳይመረመር ከወጣ ይህች አንዲት ምልክት ብቻዋን መስኮቱን ትዘጋለች።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው አሠራር ውድ ገንዘብ ወይም አዲስ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ማንኛውም መተግበሪያ ገጾቹ ጭምር በጋራው ኮምፒዩተር ላይ ተመርምረው ካላለፉ ለአገልግሎት አይላክ። ሁለተኛ፣ መረጃ ወደ ገጽ የሚተላለፈው ዐይነቱ በታወጀ ሞዴል በኩል ይሁን፤ ቀንና የጽሑፍ ቁልፍም እንዲሁ ይታወጁ። ሦስተኛ፣ ኮምፓይለር የማያየውን፣ ይኸውም ጳጉሜንን፣ የሞክሼ ፊደላትን ፍለጋና ከቦታው የሚበልጥን ቁጥር የሚፈትን ሙከራ አብሮ ይጻፍ። አራተኛ፣ መተግበሪያውን የሚረከብ መሥሪያ ቤት ይህ መደረጉን በውሉ ላይ ይጠይቅ፤ ሠሪውም ሳይጠየቅ ያሳይ።

አምስተኛው ነገር ከመሣሪያ ይልቅ ልማድን ይመለከታል። ግንባታ በስሕተት ሲቆም ብዙዎች ሥራ እንደ ተበላሸ ይቈጥሩታል፤ የሥራ ኃላፊዎችም የዘገየበትን ቀን ይቈጥራሉ። ይሁን እንጂ በቆመው ግንባታ ምክንያት በፕሮግራመሩ ላይ የሚደርሰው የአንድ ሰዓት ብስጭት ነው። ያ ግንባታ ባይቆም ኖሮ ያው ስሕተት ከእንጦጦ ግርጌ ወርዳ በመስኮቱ ፊት የቆመችው እናት ዘንድ ይደርስ ነበር፤ እርሷ ደግሞ የመሥመሩን ቁጥር የሚነግራት ቀርቶ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነግራት እንኳ የለም። ስለዚህ የቆመ ግንባታ ሲታይ ከዘገየው ቀን አስቀድሞ ከመንከራተት የዳነው ባለጉዳይ ይቈጠር።